ንግድ ይሁን ወይስ በጎ አድራጎት?

ባለፈው ዓመት ኅዳር 21 ቀን፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ በአዲስ አበባ ከተማ በአንዲት ወይዘሮ ቤት የጽዋ ማኅበር ተቀምጦ ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ጠበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ ጽዋውም ለተረኛዪቱ ከተሰጠ በኋላ፣ ከማኅበርተኞቹ ሰባቱ ሴቶች የንስሐ አባታቸውንና እኔን ለብቻ ጠርተው በአንድ ጉዳይ ምክር ጠየቁን። እኔ የተጠራሁት ስለ ጽድቄ አልነበረም፤ ዕድሜዬን በሒሳብ መዝገብ ላይ ያሳለፍሁ በመሆኔ ነው እንጂ።

ዐሳባቸው የሚያስመሰግን ነበር። በርበሬ፣ ሽሮና ልዩ ልዩ ቅመም እያዘጋጁ የሚሸጡበት ቤት ለመክፈት ይፈልጋሉ። በደጀ ሰላም ተቀምጠው የሰው እጅ የሚጠብቁ፣ ነገር ግን ጉልበታቸው ገና ያልደከመ እናቶችን በዚያ ቤት በርበሬ እንዲቀነጥሱ፣ እህል እንዲለቅሙ፣ ቅመም እንዲያበጥሩ አድርገው ደመወዝ ሊከፍሏቸው አስበዋል። ከሰባቱ ስድስቱ ከዕቁብ ያጠራቀሙትን 20,000 ብር እያንዳንዳቸው ያዋጣሉ። ሰባተኛዪቱ ባልዋ በሞተ በሦስተኛ ዓመትዋ የነበረች መበለት ናት፤ እርስዋ 180,000 ብር አቀረበች። ሲደመር 300,000 ብር ይሆናል። ጊዜውም የማረቆ በርበሬ በብዛት ወደ ገበያ የሚወርድበት ስለ ነበረ፣ ዋጋው ሳይወደድ ለመግዛት ቸኩለው ነበር።

የተዘጋጀውን ወረቀት ሰጡኝ። በራሱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለትርፍ ያልቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት» ይላል። ጥያቄያቸውም ይህን የሚመዘግበው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ብቻ ነበር።

እኔ ግን አስቀድሜ «ለመሆኑ በጎ አድራጎት ተብሎ እንዲመዘገብ የፈለጋችሁት ስለ ምን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛዋ «ግብር እንዳንከፍል ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ። ሁለተኛዋ «ወንድሜ ከአሜሪካ ደውሎ፣ በጎ አድራጎት ከሆናችሁ እኛ ከዚህ ገንዘብ እናሰባስብላችኋለን ብሎኛል» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ገዢው የበጎ አድራጎት በርበሬ መሆኑን ሲሰማ ከሌላው ይልቅ የእነርሱን እንደሚመርጥ ተስፋ አድርጋለች። በዕድሜ ሁሉንም የምትበልጠው እናት ዝም ብላ ቆይታ በመጨረሻ እውነቱን ተናገረች። «ጋሼ፣ ማኅበርተኞቹ ነጋዴ ሆኑ፣ በእመቤታችን ስም ተሰብስበው በርበሬ ይቸረችራሉ ተብለን እንዳንታማ ፈርተን ነው።»

ይህን ጉዳይ ለአንባቢያን ለማቅረብ ያነሣሣኝ ያን ቀን የሰማኋቸው እነዚህ አራት ምክንያቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለዳቦ ቤት፣ ለሕፃናት ማቆያ፣ ለስፌት ቤትም እንዲሁ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰው መልካም ነገር ለመሥራት ሲነሣ መልካም ስም ያለውን ወረቀት ይመርጣል። ወረቀቱ ግን ስም ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ የሚወስን ነው።

ከሁሉ በፊት ቃሉን እንመልከት። «ለትርፍ ያልቆመ» ሲባል ብዙ ሰው «ትርፍ የማያገኝ» ማለት ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። በጎ አድራጎት ድርጅትም በዓመቱ መጨረሻ ከወጪው ገቢው ቢበልጥለት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ለከርሞ ካላተረፈ ይዘጋል። የተከለከለው ማትረፍ ሳይሆን ትርፉን መካፈል ነው።

በቋንቋችን «ማኅበር» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ጽዋ የሚጠጣበትም ማኅበር ነው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ተብሎ ሲሚንቶ የሚነግደውም ማኅበር ነው፤ ገበሬዎች ቡናቸውን በአንድነት የሚሸጡበትም የኅብረት ሥራ ማኅበር ይባላል። እነዚያ ሰባት ሴቶችም ማኅበራችን ነገ የንግድ ማኅበር ቢሆን ምን ይለያል ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ሕጉ ግን ከጥንት ለይቶታል። በ1952 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ አብረው ሲታወጁ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ404ኛው ቁጥር ማኅበር ያለው ሰዎች ትርፍ ለማግኘት ወይም ትርፍ ለመካፈል ሳይሆን ለሌላ ውጤት የሚሰባሰቡበትን ነበር፤ የንግድ ሕጉ ደግሞ መዋጮ አዋጥተው ትርፉንም ኪሣራውንም ለመካፈል የሚዋዋሉበትን ማኅበር ለብቻው ደነገገ። የንግድ ሕጉ አብዛኛው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል፤ በበጎ አድራጎት ለሚሠሩ ድርጅቶችም በ2011 ዓ.ም. ቁጥር 1113 የሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ወጥቶላቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው መለያ ግን ያው የጥንቱ ነው፤ የተረፈውን ማን ይወስዳል የሚለው።

እንግዲህ ብዕርና ወረቀት አስመጥቼ ለምሳሌ ያህል አንድ ሒሳብ ጻፍሁላቸው። ቤቱ በዓመት 900,000 ብር ይሸጣል እንበል። ለዛላ በርበሬ፣ ለአተርና ለባቄላ፣ ለኮረሪማና ለነጭ አዝሙድ፣ ለወፍጮ፣ ለማሸጊያና ለቤት ኪራይ 620,000 ብር ይወጣል። ለሠራተኞች ደመወዝ 190,000 ብር ይከፈላል። የሚቀረው 90,000 ብር ነው። ቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆን ከዚህ ላይ በመቶ 30 የትርፍ ግብር፣ ማለት 27,000 ብር ይከፈላል፤ የቀረው 63,000 ብር እንደ ድርሻቸው የባለቤቶቹ ነው፤ ሲከፋፈልም በላዩ ሌላ ግብር አለ። በጎ አድራጎት ቢሆንስ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ከሚያገኘው ገቢ ውስጥ፣ ከዋናው ዓላማው ጋራ በቀጥታ ያልተያያዘውን የንግድ ገቢ ከግብር ነጻ አላደረገም። ስለዚህ በርበሬ መሸጥ ከዓላማችሁ ጋራ በቀጥታ የተያያዘ ነው ወይ በሚለው ላይ ከግብር ሰብሳቢው ጋራ መከራከር ሊመጣ ነው። ክርክሩን ቢረቱ እንኳ 90,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ የድርጅቱ ነው፤ ከሰባቱ አንዳቸውም አንድ ብር ወደ ቤታቸው አይወስዱም።

«እንግዲህ 27,000 ብር ለማዳን 63,000 ብር ልንተው ነዋ» አለች አንደኛዋ። ሁሉም ሳቁ። አስተማሪ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች፤ ሒሳብ አይጠፋትም።

ቀጥዬ ሥራውን ነገርኋቸው። አዋጁ በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓላማው ማስፈጸሚያ ገቢ ለማግኘት ሲል እንዲነግድ ፈቅዷል፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ንግዱ እንደ ማንኛውም ንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ የራሱ የባንክ ሒሳብና የራሱ መዝገብ ይኖረዋል። በላዩም ድርጅቱ ለባለሥልጣኑ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባል፤ የአስተዳደር ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ አዋጁ ወስኗል። ትልቅ ድርጅት ይህን በቀላሉ ይችለዋል። በዓመት 200,000 ብር ለሚያገኝ ትንሽ ድርጅት ግን ለአስተዳደር የሚቀርለት 40,000 ብር ነው፤ በዚህ ገንዘብ ሒሳብ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ኦዲተር ከፍሎ፣ የቢሮ ኪራይ ችሎ መኖር እንዴት እንደሚቻል እኔ አላውቅም። ሁለት መዝገብ፣ ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ሪፖርት ይዞ ግማሽ ኩንታል ሽሮ ለመሸጥ መነሣት፣ አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ዐይነት ነው።

ስለ አሜሪካው ወንድምም ሳልናገር አላለፍሁም። በአሜሪካ አገር ለበጎ አድራጎት የሰጠ ሰው ስጦታውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ የሚያስቀንስበት ሥርዓት አለ፤ ይህ ግን ስጦታው በዚያው አገር የግብር ሕግ፣ 501 ሲ 3 በሚባለው ክፍል ለታወቀ ድርጅት ሲሰጥ ነው። በአዲስ አበባ ወደ ተመዘገበ ድርጅት በቀጥታ የላከው ገንዘብ በአብዛኛው ይህን ጥቅም አያስገኝለትም። ወንድማችን በፍቅር ተናግሯል፤ የተናገረው ግን ስለ ሌላ አገር ወረቀት ነው። በዚያ አገርም ቢሆን በጎ አድራጎት ድርጅት ከዓላማው ጋራ ያልተገናኘ ንግድ በቋሚነት ቢነግድ ከንግዱ ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል።

ይህን ሁሉ ስንነጋገር መበለቲቱ ቃል አልተናገረችም ነበር። በመጨረሻ ነጠላዋን አስተካክላ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ነገ ብሞት ያ 180,000 ብር ለልጄ ይደርሳታል?» አለች። ልጅቱ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገንዘቡም አባትዋ ትቶት የሄደው ነው።

መልሱ አጭር ነበር። በንግድ ማኅበር ድርሻ ቢሆን ይደርሳታል፤ ድርሻ ይወረሳልና። በጎ አድራጎት ተብሎ ለተመዘገበ ድርጅት የተሰጠ ገንዘብ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰጪው አይደለም። ድርጅቱ ቢፈርስ እንኳ የተረፈው ንብረት ለመሥራቾቹ አይከፋፈልም፤ ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠራ ሌላ ድርጅት ይተላለፋል እንጂ። ይህም ብቻ አይደለም። የንግድ ማኅበር ባለድርሻ የድርሻው ጌታ ነው፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሥራች ግን ባለቤት አይደለም። ቦርዱ ወይም ጠቅላላ ጉባኤው ቢወስንበት ከሥራ አስኪያጅነቱም ሊነሣ ይችላል። እርስዋ ያቋቋመችውን ቤት ሌሎች እያስተዳደሩት እርስዋ በውጭ ቆማ ልታየው ትችላለች።

በዚህ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ያልነገርኋቸው አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት የሒሳብ መዝገቡን የጻፍሁለት አንድ ደግ ሰው ነበረ። የግቢውን ግማሽ ቤት ሠርቶ፣ ዕቃ አሟልቶ፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ማስተማሪያ እንዲሆን በበጎ አድራጎት ስም አስመዘገበ። ሲያስመዘግብ ቤቱን ማከራየቱ ይሁን ማበደሩ ይሁን መስጠቱ በጽሑፍ አልለየም፤ «የእኔና የእነርሱ ምን ልዩነት አለው» ይል ነበር። ኋላ እርዳታ ሰጪዎቹ ሲሄዱ ሥራው ቆመ። ዕዳና ክርክር ሲመጣ ቤቱ የማን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ጠፋ፤ ሚስቱና ልጆቹ ለዓመታት በፍርድ ቤት ደጃፍ ተንከራተቱ። እርሱ በመጨረሻ ዘመኑ ስለ ልጆቹ ይጨነቅ እንጂ በመስጠቱ ሲጸጸት አልሰማሁትም። የሚያሳዝነኝ መስጠቱ አይደለም፤ ምን እንደ ሰጠ ሳያውቅ መስጠቱ ነው።

ለመበለቲቱ ግን እንዲህ አልኋት። «በጎ አድራጎቱን ከመረጣችሁ ገንዘቡን ስጦታ ሳይሆን ብድር ብለሽ፣ የሚመለስበትን ቀን ጽፈሽ፣ በምስክር አስፈርመሽ አግቢው። ንግዱን ከመረጣችሁ ደግሞ ሁሉንም አታግቢ። የልጅሽን ድርሻ በባንክ አስቀምጭ።» የንስሐ አባታቸውም ከዚያ በፊት ምንም አልተናገሩም ነበርና ሁላችንም ወደ እርሳቸው ዞርን። እርሳቸውም «ልጄ፣ የአባትዋን ገንዘብ ለልጅቱ መጠበቅም ምጽዋት ነው» አሉና ዝም አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በጎ አድራጎት የሚባለውን መልክ የምነቅፍ እንዳይመስልህ። ያለ እርሱ የማይሠራ ሥራ አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበናን ማን ይረሳል? በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በወሎ ረኃብ በነበረበት ጊዜ፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ሳይቆይ የሕፃናቱ ቁጥር ከሃያ አለፈ፤ በቤታቸውም ነገሩ ስላልተወደደ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋራ ወጡ። በመጀመሪያው ዘመን ምግብ ነክ ነገር እያዘጋጁ በመሸጥ ነበር የሚመግቧቸው። እንግዲህ የእርሳቸውም ሥራ በሽያጭ ነው የተጀመረው። ታዲያ ስለ ምን ንግድ ሆኖ አልቀረም? የሚያገለግሏቸው ልጆች ከፋይ አልነበሩምና ነው። ሕፃን ለወተቱና ለትምህርቱ አይከፍልም፤ ሌላ ሰው ሊከፍልለት ይገባል። ያ ሌላ ሰው ደግሞ የሰጠው ገንዘብ በአንዲት ሴት ኪስ እንዳልገባ፣ ከሞትዋም በኋላ ለልጆቹ እንደሚቆይ ማወቅ አለበት። ይህን ሊያረጋግጥ የሚችለው ማንም ባለቤት የማይሆንበት ድርጅት ነው። ወይዘሮ አበበች በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ የድርጅቱ ንብረት ለወራሾች የሚከፋፈል ርስት አልነበረም።

በሌላው በኩል ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁንን እንመልከት። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ የአካባቢው ሰው ሥራ አጥቶ በእርዳታ ይኖር በነበረበት ቦታ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሶል እየሠራ ጫማ የሚያመርት ድርጅት አቋቋመች። ዓላማዋ ለሰፈርዋ ሰው ሥራ መስጠት ነበር፤ መልኩ ግን ንግድ ነው። ይህንንም አውቃ የመረጠችው ነገር መሆኑን ደጋግማ ተናግራለች። በዚህ ላይ ከፋዩ ጫማውን የሚያደርገው ሰው ነው፤ ጫማው መልካም ከሆነ ይከፍላል፤ እርዳታ ሰጪ መለመን አያስፈልግም። ሠራተኛውም ደመወዙን የሚወስደው በምስጋና ሳይሆን በመብት ነው።

የሁለቱን ሴቶች ሥራ አንድ ላይ ላስተያየው ሰው የጥያቄው ፍሬ ይታየዋል። አገልግሎቱን የሚያገኘው ሰው ራሱ ሊከፍልበት የሚችል ከሆነ ንግድ ይሁን። ሌላ ሰው ሊከፍልለት ግድ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያንን ሌላ ሰው ከመለመንህ በፊት ንብረቱን ከራስህ እጅ አውጣ። በርበሬ የሚገዛ ሰው ለበርበሬው ይከፍላል። በጎ አድራጎት ነው ሲባል አንድ ጊዜ በደግነት ይገዛ ይሆናል፤ ወጡ ካልጣፈጠው ግን ሁለተኛ አይመለስም። በአጠገባቸው ያለው ባለሱቅ ኪራዩንና ግብሩን እየከፈለ ያንኑ ሽሮ ሲሸጥ፣ እነርሱ በበጎ አድራጎት ስም ዋጋ ቢያወርዱበት ያ ሰውዬም ልጆች ያሉት ጎረቤታቸው ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር። ይህ በንግድና በበጎ አድራጎት መካከል የቆመ ነው። ትርፉ ለአባላቱ ይከፋፈላል፤ ከፊሉም በመጠባበቂያ ይቀመጣል፤ ድምፅ ግን በገንዘብ መጠን ሳይሆን ለእያንዳንዱ አባል አንድ ነው። በርበሬ የሚቀነጥሱት እናቶች ራሳቸው አባል የሚሆኑበት ጊዜ ቢመጣ ከሁሉ የተሻለው መልክ ይህ ይመስለኛል። ሰባቱ ሴቶች ግን ይህን አልወደዱትም። 180,000 ብር ያዋጣችውና 20,000 ብር ያዋጣችው እኩል ድምፅ ይኑራቸው ሲባል መበለቲቱ ምንም ባትልም ሌሎቹ ራሳቸው አፈሩ።

በዚያ ቀን አልወሰኑም። በወሩ፣ በታኅሣሥ 21፣ ዳግመኛ ተቀመጡ። በእድሜ የምታንሰዋ አሁንም በጎ አድራጎት ይሁን ብላ ጸናች፤ ክርክርዋም ቀላል አልነበረም። «ዛሬ ንግድ ብለን ከጀመርን፣ ትርፍ ሲመጣ እነዚያን እናቶች እንረሳቸዋለን። በወረቀት ካልታሰርን ልባችን አይታመንም» አለች። ይህን የሚመልስ የሒሳብ ዘዴ የለኝም። እውነትዋን ነው፤ የንግድ ማኅበር ባለድርሻዎች ስለ ድኾች የገቡትን ቃል በማግሥቱ በስብሰባ ሊሽሩት ይችላሉ። የበጎ አድራጎት ድርጅት መሥራቾች ግን አይችሉም፤ የታሰሩት እንዲህ እንዲሆን ነውና። ሰው ራሱን ማመን ሲያቅተው ራሱን ማሰሩ ጥበብ ነው። ነገር ግን የሚታሰረው ገንዘብ የራሱ ትርፍ ሊሆን ይገባል፤ የሙት ልጅ ገንዘብ ሊሆን አይገባም።

በመጨረሻ ሁለቱን ለያዩት። ንግዱን አራት ሆነው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርገው አቋቋሙት፤ ይህም ቤቱ ቢከስር የመበለቲቱ መኖሪያ ቤት በዕዳ እንዳይያዝ ነው። መበለቲቱ ያገባችው 60,000 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው በባንክ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሦስት ሴቶች፣ ታናሺቱም ጭምር፣ ንግዱን ትተው የጽዋ ማኅበሩን ሙዳየ ምጽዋት ያዙ። አራቱ ነጋዴዎች ከሚካፈሉት ትርፍ ከአምስት አንዱ ወደዚያ ሙዳይ እንዲገባ በቃለ ጉባኤ ጻፉ። ያ ሙዳይ አንድ ቀን ከማኅበርተኞቹ ውጭ ካለ ሰው መለመን የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ያን ጊዜ በጎ አድራጎት ተብሎ በሕግ ይመዝገብ ተባባሉ። ከመመዝገባቸውም በፊት አዋጁ ተሻሽሎ እንደ ሆነ ሕግ ዐዋቂ እንዲጠይቁ አሳሰብኋቸው።

ቤቱ የተከፈተው በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነበር። በርበሬውን ያህል የደከሙበት ቢሆንም በመጀመሪያው ወር የተሸጠው በብዛት ሽሮ ነው፤ የጾም ጊዜ ነውና ይህን ቀድመው ሊያስቡት ይገባ ነበር። ከደጀ ሰላም ሦስት እናቶች ተቀጠሩ። ከሦስቱ አንዲቱ በሁለተኛው ሳምንት የቀን ሒሳቡን እንቢ ብላ «በኪሎ ይከፈለኝ፣ እኔ ከእነዚህ ይልቅ ፈጣን ነኝ» ብላ ተከራከረች፤ ተፈቀደላትም።

በሰኔ ወር በዚያ ሳልፍ ገባሁ። ነጋዴ ተብዬ እንዳልታማ ትፈራ የነበረችው ታላቂቱ እናት መነጽርዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በሚዛኑ አጠገብ ቆማለች። አንድ ኪሎ በርበሬ ጠየቅሁ። በልቤ አማካሪ ነኝና ትቀንስልኛለች ብዬ ነበር። ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየች፤ ጥቂት ጨመረች፤ ከዚያም ሙሉውን ዋጋ ነግራኝ ደረሰኝ ቆረጠችልኝ።